የአይቪኤፍ መርፌ ቤት ውስጥ ስትወጊ፦ ሰዓቱ፣ ቅዝቃዜውና መጠኑ

ሲስተር የሰጠችኝ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው «ሰኞ 10:00» ብቻ ነበር። እኔ 10 ሰዓት ብዬ አነበብኩት። ባለቤቴ ከሥራ አስፈቅዶ በጊዜ መጣ። መርፌውን ከፍሪጅ አወጣን። ሆዴን በአልኮል ጠረግን። ክዳኑን ሊነቅል ሲል ቆም አለና «ቆይ፣ ይሄ በፈረንጅ ሰዓት ቢሆንስ?» አለኝ። ደወልን። በፈረንጅ ነበር። ማታ 4 ሰዓት ማለት ነው። ስድስት ሰዓት ሙሉ ቀድመን ልንወጋ ነበር።

አይቪኤፍ እንቁላል ከሴቷ ወጥቶ ከሰውነት ውጭ ከወንድ ዘር ጋር የሚገናኝበት ሕክምና ነው። ያቺ መርፌ እንቁላል ከመውጣቱ በፊት የመጨረሻዋ ናት። እንቁላሎቹን አብስላ ለመውጣት የምታዘጋጃቸው እሷ ናት። ሐኪሙ እንቁላል የሚያወጣው ብዙውን ጊዜ እሷ ከተወጋች ከ34 እስከ 36 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ስድስት ሰዓት ቀድማ ብትገባ ኖሮ እንቁላሎቹ ሐኪሙ ሳይደርስባቸው ሊያመልጡ ይችሉ ነበር። የአሥር ቀን መርፌና ለዓመታት ያጠራቀምነው ብር በአንዲት ቁጥር ገደል ሊገባ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሕክምናውን የጀመሩ እህቶች ሲጠይቁኝ መጀመሪያ የምነግራቸው ይህንን ነው። መውጋቱን እጅ በሁለት ቀን ይለምደዋል። ነቅቶ መጠበቅ የሚያስፈልገው ሰዓቱን፣ የመድኃኒቱን ቅዝቃዜና መጠኑን ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሁለት ዙር ያለፍኩበት ሴት ነኝ። ከዚህ በታች ያለውን የተማርኩት ከሲስተሮቹ፣ ከመድኃኒቱ መመሪያ ወረቀትና ከራሴ ሆድ ነው። የኔ ምክር ክሊኒክሽ ከነገረሽ ጋር ከተጋጨ የክሊኒክሽን ስሚ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ደግሞ ከእነዚህ መርፌዎች አንዱም አይነካም።

የትኛው መርፌ ምን ይሠራል?

ሰውነታችን በወር ብዙውን ጊዜ አንድ እንቁላል ብቻ ነው የሚያበስለው። እ.ኤ.አ. በ1978 እንግሊዝ አገር የተወለደችው የመጀመሪያዋ የአይቪኤፍ ልጅ ሉዊዝ ብራውን የተገኘችው ያለ ማነቃቂያ መርፌ፣ ከአንዲት እንቁላል ነው። በአንድ እንቁላል መተማመን ግን ከባድ ነው። ስለዚህ ዛሬ ብዙ እንቁላል አብሮ እንዲያድግ ሆርሞን ይሰጣል።

መጀመሪያ የሚመጡት ማነቃቂያዎቹ ናቸው፤ ጎናል-ኤፍ፣ ሜኖፑር እና መሰሎቻቸው። ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 ቀን፣ በየቀኑ ይወሰዳሉ። (ሜኖፑር ካረጡ ሴቶች ሽንት ተጣርቶ እንደሚሠራ ስሰማ ገርሞኝ ነበር። የማላውቃቸው እናቶች እየረዱኝ መሰለኝ።) በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን ገደማ ሴትሮታይድ ወይም ኦርጋሉትራን ይጨመራል። የእሱ ሥራ እንቁላሎቹ ያለ ጊዜያቸው እንዳይወጡ መያዝ ነው። መጨረሻ ላይ ሁሉም «ትሪገር» የሚላት ትመጣለች፤ ኦቪትሬል፣ ፕሬግኒል ወይም ሐኪሙ የመረጠው ሌላ። እንቁላል ከወጣ በኋላ ደግሞ ማሕፀንን የሚያዘጋጀው ፕሮጄስትሮን ይቀጥላል።

ከፕሮጄስትሮኑ ጡንቻ መርፌ በስተቀር አብዛኞቹ ከቆዳ ሥር ባለው ስብ ውስጥ የሚወጉ ናቸው። ይህን በደንብ ያዢው። እኔ አንድ ቀን ፈርቼ መድኃኒቴን ይዤ ሰፈራችን ያለ ትንሽ ክሊኒክ ሄድኩ። የተቀበለችኝ ልጅ መርፌ ሁሉ መቀመጫ ላይ የሚወጋ መስሏት «ተኚ» አለችኝ። መመሪያ ወረቀቱን አውጥቼ ባላሳያት ኖሮ ጡንቻዬ ውስጥ ልትሰጠኝ ነበር። የግድ ሰው ካስወጋሽ ወረቀቱን ከመድኃኒቱ ሳትለይ ያዢ።

ከፋርማሲ እስከ ፍሪጅ

ስትገዢ ሣጥኑ ላይ ያለውን የማብቂያ ቀን ራስሽ እዪ። ቀኑ የሚጻፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። እኛ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስለምንቆጥር፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ገና ብዙ ዓመት የቀረው ይመስለናል። ስልክሽ ላይ ያለውን የፈረንጅ ቀን ከሣጥኑ ጋር አስተያዪው።

አብዛኞቹ መድኃኒቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ይቀመጣሉ። ከፋርማሲ ስትወጪ ፔርሙስ ወይም ትንሽ የማቀዝቀዣ ቦርሳ ይኑርሽ። ሃይላንድ ውስጥ ውሃ አርግተሽ በፎጣ ጠቅልይና ሥር አድርጊው። መድኃኒቱ በረዶውን በቀጥታ መንካት የለበትም። ሙቀት ቀስ ብሎ ነው የሚጎዳው። በረዶ ግን ወዲያው ያበላሻል። አንዴ ከቀዘቀዘና ከረጋ በኋላ ቢቀልጥ፣ መልኩ ደህና ቢመስል እንኳ አይወሰድም።

ቤት ስትደርሺ ፍሪጁ መሃል መደርደሪያ ላይ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ አስቀምጪው። የኋላው ግድግዳ ጋ አታስጠጊው፤ እዚያ ይረጋል። በሩ ላይም አይሁን፤ በተከፈተ ቁጥር ይሞቃል። ዕቃው ክዳን ቢኖረው ሌላም ጥቅም አለው። ፍሪጁን ከአማት፣ ከእህት፣ ከሠራተኛ ጋር የምትጋሪ ከሆነ «ይሄ ምንድነው?» የሚል ጥያቄ ይቀንስልሻል። ነገሩን ለማን እንደምትናገሪ የምትወስኚው አንቺ ነሽ።

መብራት ሲጠፋ አትደንግጪ። ፍሪጁን አትክፈቺው። ለምሳሌ ጎናል-ኤፍ ከ25 ዲግሪ በማይበልጥ ቦታ ከፍሪጅ ውጭም እስከ ሦስት ወር መቆየት ይችላል፤ ከተከፈተ በኋላ ግን ከ28 ቀን በላይ አይወሰድም። ሜኖፑርም ከ25 ዲግሪ ካልበለጠ ውጭ ይቀመጣል። አዲስ አበባ ጥላ ያለው ክፍል ውስጥ አንድ ሌሊት መብራት ቢጠፋ መድኃኒትሽ አይሞትም። ድሬዳዋ፣ ጋምቤላ ወይም ሰመራ ከሆንሽ ግን ክፍልሽ ራሱ ከ25 ዲግሪ በላይ ነው፤ በረዶ ያስፈልግሻል። መድኃኒቶቹ አንድ ዓይነት ስላልሆኑ የእያንዳንዱን ወረቀት አንብቢ።

ከውጭ አገር በሰው የምታስመጪ ከሆነ ደግሞ መልእክተኛው የሐኪሙን ማዘዣ ይዞ፣ መድኃኒቱን በእጅ ሻንጣው ያምጣው። ወደ ጭነት ክፍል የገባ ሻንጣ ይዘገያል፣ ይጠፋል፣ ቅዝቃዜውም አይታወቅም። እንዴት እንደተጓዘ የሚነግርሽ የሌለውን መድኃኒት አትመኚው።

ወረቀቱ

አንድ ደብተር ግዢ። በየቀኑ አራት ነገር ይጻፍበት፤ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ ሰዓቱ፣ እና የተወጋው ጎን ቀኝ ይሁን ግራ።

ሰዓቱን ሁልጊዜ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፊ። «ማታ 2 ሰዓት፣ በፈረንጅ 8» ብለሽ። ክሊኒክ ውስጥ «8 ሰዓት ላይ» ካሉሽ «ማታ ነው ቀን? በኛ ነው በፈረንጅ?» ብለሽ ሳታፍሪ ጠይቂ። ከዚያም መልሰሽ ድምፅሽን አሰምተሽ ንገሪያቸው። የስልክሽ አላርም በፈረንጅ ሰዓት መሆኑንም አትርሺ። ስትሞዪው ጠዋትና ማታውን ሁለቴ እዪ።

መጠኑ በየሁለት ሦስት ቀኑ ሊቀየር ይችላል። አልትራሳውንድ ታይቶ «ዛሬ 225 የነበረው ነገ 150 ይሁን» ይሉሻል። የድሮውን በአንድ መስመር ሰርዘሽ አዲሱን ጻፊ። በቃል አትያዢው፤ ያን ሰሞን ልብ የለም።

አወጋጉ፣ ደረጃ በደረጃ

በቅድሚያ እስክሪብቶ በሚመስለው ፔን ልጀምር፤ ቀላሉ እሱ ነው።

1. መድኃኒቱን ሩብ ሰዓት ወይም ትንሽ ዘለግ ላለ ጊዜ ከፍሪጅ አውጥተሽ አቆዪው። ቀዝቃዛ ሲገባ ይበልጥ ያማል። ፀሐይ ላይ ወይም ሙቅ ውሃ ውስጥ ግን አታድርጊው።

2. ጠረጴዛ ጥረጊ። እጅሽን በሳሙና ታጠቢና በንጹሕ ፎጣ ወይም በሶፍት አድርቂ። ሕፃን ወይም ድመት ካለ በር ዝጊ።

3. ስሙን፣ የማብቂያ ቀኑንና ፈሳሹን እዪ። ጥርት ያለ መሆን አለበት። ደፍርሶ ወይም የሚንሳፈፍ ነገር ኖሮት ካየሽ አትጠቀሚበት፤ ደውዪ።

4. አዲስ መርፌ ግጠሚ። በየቀኑ አዲስ ነው። የትናንቱ መርፌ ጫፍ ደንዝዟል፣ ንጽሕናውም ጠፍቷል። አዲስ ፔን ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጠቀሚ መርፌውን ወደ ላይ አድርገሽ ጫፉ ላይ ጠብታ መታየቷን አረጋግጪ። ካልታየች መመሪያው ላይ ያለውን የአየር ማስወጫ ሥራ ሥሪ።

5. መጠኑን ሙዪና ለሌላ ሰው አሳዪ። እሱ ከደብተሩ ያንብብ፣ አንቺ ከፔኑ አንብቢ። ሁለቱ ቁጥር እስኪገጥም ድረስ ማንም ማንንም አይወጋም። ይህን እኛ ቤት አንድም ቀን ዘለነው አናውቅም።

6. ቦታ ምረጪ። ከእምብርት በታች፣ ከእምብርቱ ግራ ወይም ቀኝ ሦስት ጣት ያህል፣ ማለትም 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ራቅ ብለሽ። ትናንት ቀኝ ከነበረ ዛሬ ግራ። የበለዘ፣ የቆሰለ፣ ጠባሳ ያለበት ቦታ አይወጋም።

7. በአልኮል ጥረጊና እስኪደርቅ ጠብቂ። ብዙ ሰው «መድኃኒቱ አቃጠለኝ» የሚለው አልኮሉ ሳይደርቅ ስለሚወጋ ነው። በአፍ እፍ አትበዪበት። እስከ ሠላሳ ቁጠሪ፣ ይደርቃል።

8. ቆዳሽን በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርገሽ ያዢ። መርፌውን ቀጥ አድርገሽ፣ በአንድ እንቅስቃሴ አስገቢ። በጣም ቀጭን ከሆንሽ ጋደል አድርጎ መውጋት ይሻል እንደሆነ ሲስተርሽ ታሳይሽ። ቀስ እያሉ መግፋት ነው የሚያሳምመው።

9. የፔኑን ቁልፍ እስከ መጨረሻው ተጫኚና እንደተጫንሽ ቀስ ብለሽ እስከ አሥር ቁጠሪ። ቶሎ ካወጣሽው መድኃኒቱ ቆዳሽ ላይ ይንጠባጠባል። ከዚያ በገባበት አቅጣጫ ቀጥ አድርገሽ አውጪ።

10. የፔኑን መስኮት እዪ። «0» ማለት ሙሉው ገብቷል። ሌላ ቁጥር ካሳየ፣ ፔኑ አልቋል፤ የሚታየው ቁጥር ገና ያልገባው መጠን ነው። እሱን ብቻ ከአዲስ ፔን ትሞያለሽ።

ትንሽ ደም ብትወጣ በጥጥ ጫን አድርጊ፤ አትሺው። ብልዝ ይጠፋል። በተለይ ሴትሮታይድ ሲወጋ ቦታው ቀላ ብሎ ሊያሳክክ ይችላል፤ ብዙም ሳይቆይ ይተውሻል። ፊት ካበጠ፣ ሰውነት ሁሉ ሽፍ ካለ ወይም መተንፈስ ካቃተ ግን ያ አለርጂ ነው፤ ወደ ድንገተኛ ክፍል።

ፔኑን መርፌው እንደተገጠመበት ፍሪጅ አትመልሺው። ፔን ደግሞ ለአንድ ሰው ብቻ ነው። መርፌው ቢቀየርም ለጓደኛ አይዋስም።

ዱቄቱ ሲሆን

ሜኖፑር ወይም ሴትሮታይድ ከሆነ ዱቄቱን ራስሽ ታሟሚያለሽ። እዚህ ላይ አትቸኩዪ።

የብልቃጡን ላስቲክ በአልኮል ጥረጊ። አብሮት የሚመጣው የማሟሚያ ውሃ ጠርሙስ የሚሰበር ዓይነት ከሆነ አንገቱን በቁስል ፋሻ ወይም በንጹሕ ጨርቅ ይዘሽ ወደ ውጭ፣ ከራስሽ አርቀሽ ስበሪው። ውሃውን በወፍራሙ መርፌ ሳቢና ወደ ዱቄቱ ብልቃጥ ቀስ ብለሽ አስገቢ። አትናጪው። እንደ ወተት ሲናጥ አረፋ ይሠራል፤ አረፋ ደግሞ መጠን ይሰርቃል። ብልቃጡን በመዳፍሽ መሃል ቀስ አድርገሽ አሽከርክሪው። ጥርት ሲል ገልብጠሽ የመርፌው ጫፍ ሁልጊዜ ፈሳሽ ውስጥ እንዲሆን አድርገሽ ሙሉውን ሳቢ።

ሐኪሙ ከአንድ በላይ የሜኖፑር ብልቃጥ ካዘዘ በየብልቃጡ አዲስ ውሃ አይጨመርም። ያንኑ የሟሟ ፈሳሽ ወደ ሁለተኛው፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው እያስገባሽ ትሰበስቢያለሽ። በአንድ ሚሊ ሊትር ስንት ብልቃጥ ድረስ እንደሚሟሟ ክሊኒክሽ ይንገርሽ። ሲያልቅ ወፍራሙን ማሟሚያ መርፌ ነቅለሽ ቀጭኑን ግጠሚ። በሴትሮታይድ ሣጥን ውስጥ ቢጫው ማሟሚያ፣ ግራጫው መውጊያ ነው። እኔ የመጀመሪያ ቀን ቀለሙን ሳላይ በቢጫው ልወጋ ነበር። ባለቤቴ ነው «ይሄ ሚስማር ነው እንዴ?» ብሎ ያስቆመኝ።

ስሪንጁን ወደ ላይ አቁመሽ በጣት መታ መታ አድርጊው። አረፋው ወደ ላይ ሲሰበሰብ በቀስታ ግፊና አየሩን አስወጪ። የቀረች ትንሽ አረፋ ከቆዳ ሥር ብትገባ ጉዳት የላትም። የሟሟ መድኃኒት ወዲያው ይወጋል፤ ለነገ አይቀመጥም።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ነገር ልምጣ። ቤት ውስጥ የኢንሱሊን ስሪንጅ ካለሽ ወይም ፋርማሲው ከሰጠሽ፣ ላዩ ላይ «ዩኒት» ተብሎ የተጻፈው የኢንሱሊን ዩኒት ነው። የሆርሞኑ ዩኒት አይደለም። የኢንሱሊን ስሪንጅ ላይ 100 ማለት አንድ ሚሊ ሊትር ማለት ነው። አንድ ብልቃጥ 75 ዩኒት ሜኖፑር በአንድ ሚሊ ሊትር አሟምተሽ ስሪንጁ ላይ «75» የሚለው መስመር ድረስ ብትስቢ የገባልሽ 75 ሳይሆን 56 ገደማ ነው። ሩቡን ጣልሽው ማለት ነው። ስለዚህ በየትኛው ስሪንጅ፣ እስከ የትኛው መስመር እንደምትስቢ ሲስተሯ በዓይንሽ ፊት ታሳይሽ። ፎቶ አንሺው።

ለባሎች

ወንድሜ፣ እጅህ መንቀጥቀጡ አይገርምም። የኔም ባል መጀመሪያ ቀን ላቡ ግንባሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሲስተሯ ክሊኒክ ውስጥ በምታስለምድበት ቀን አብረህ ሂድ፤ ብርቱካን ላይ ተለማመድ። «አያምም» አትበላት። እሷ ናት የምታውቀው። «ልጀምር?» በላት፤ «ጀምር» እስክትል ጠብቅ። አንተ የምትወጋው አንድ ደቂቃ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የሆድ መነፋት፣ የስሜት መለዋወጥ፣ ድካም የእሷ ነው። ደብተሩን ግን አንተ ያዝ። ከሁሉ በላይ ያሳረፈኝ ባለቤቴ መጠኑንና ሰዓቱን እንደ ራሱ ጉዳይ መያዙ ነው።

ብቻሽን የምትወስጂው ከሆነም ይቻላል። ዓረብ አገር ሆና ባሏ ሩቅ የሆነ፣ አሜሪካ ማታ ማታ ሥራ ያለበት፣ ራሷን የምትወጋ ብዙ ሴት አለች። ያን ጊዜ የምትታመኚበት ሰው በቪዲዮ ይደወልለትና ቁጥሩን አብሮሽ ያንብብ።

የትሪገሯ ሌሊት

ሌሎቹን መርፌዎች በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መውሰድ ነው፤ ትንሽ ደቂቃ ወዲህ ወዲያ ቢል ብዙ አያስጨንቅም። ሴትሮታይድና ኦርጋሉትራን ግን ጠንቀቅ ማለት ይፈልጋሉ። ኦርጋሉትራን በሁለት መርፌ መካከል፣ እንዲሁም ከመጨረሻው እስከ ትሪገሯ ድረስ ከ30 ሰዓት በላይ መራራቅ የለበትም። ትሪገሯ ደግሞ የተባለችው ደቂቃ ላይ ናት።

እንዲህ አድርጊ። የእንቁላል ማውጫ ቀጠሮሽን ያዢና ወደ ኋላ ቁጠሪ። ቀጠሮሽ ረቡዕ ጠዋት 4 ሰዓት ከሆነና 36 ሰዓት ካሉሽ፣ ከረቡዕ ጠዋት 4 ወደ ማክሰኞ ጠዋት 4 ሲኬድ 24 ሰዓት ነው። ከዚያ ወደ ሰኞ ማታ 4 ሲኬድ 12 ሰዓት። ድምሩ 36። ወረቀትሽ ላይ ያለው ከዚህ ካልገጠመ ያኔውኑ ደውዪ። ሌሊት ደውዪ፣ እሑድ ደውዪ። እኔ ይህን ስሌት ያን ቀን ጠዋት ሠርቼው ቢሆን ኖሮ ባለቤቴን ከሥራ አላስወጣውም ነበር።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚሆን ትሪገርም አለ። «ማክሰኞ 1:00 ከሌሊቱ» ብለው በፈረንጅ ከጻፉልሽ፣ በኛ አነጋገር ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ሰኞ ማታ ሳትተኚ ወይም አላርም ሞልተሽ የምትወጊው። ማክሰኞ ማታ ከጠበቅሽ አንድ ቀን አለፈሽ።

ከአንድ በላይ መርፌ ታዞ ከሆነ ሁሉንም አሰልፈሽ፣ ቆጥረሽ ጀምሪ። ስትጨርሺ ባዶውን መርፌ ከሰዓቱ ጋር ፎቶ አንሺ። ማግስቱ «በርግጥ ወግቼዋለሁ?» የሚል ሐሳብ ሲመጣ ፎቶው ያሳርፍሻል።

ስህተት ሲፈጠር

ረስተሽ ካደርሽ፣ መጠን ካነሰ ወይም ከበዛ፣ ፔኑ ከወደቀ፣ ግማሹ ከፈሰሰ፤ ሁለት መጠን ደርበሽ አትውሰጂ። ደውዪና የሆነውን ከነሰዓቱ ተናገሪ። በተለይ ትሪገሯ ላይ የተፈጠረ ስህተት አይደበቅም። በጊዜ ካወቁት የማውጫውን ሰዓት ሊያስተካክሉ ይችላሉ። ቁጣ ፈርቶ መደበቅ ነው ዙሩን የሚያበላሸው።

ፕሮጄስትሮን

ብዙ ክሊኒኮች በብልት ውስጥ የሚቀመጠውን ዓይነት ያዛሉ። እሱ መርፌ የለውም። አሜሪካ ያሉ እህቶቻችን ግን ብዙ ጊዜ የሚታዘዝላቸው በዘይት ውስጥ ያለው፣ ጡንቻ ላይ የሚወጋው ነው። ዘይቱ አብዛኛውን ጊዜ የሰሊጥ ዘይት ስለሆነ ሰሊጥ የማይስማማሽ ከሆነ አስቀድመሽ ተናገሪ። መቀመጫው በአራት ይከፈላል፤ የሚወጋው ከላይና ከውጭ ያለው ሩብ ብቻ ነው። ወደ መሃል ከተጠጋ ትልቁ ነርቭ አለ። ሲስተሯ ቦታውን በእስክሪብቶ ታክብብልሽ። ይህን ራስሽን ከምትወጊ ሌላ ሰው ተምሮ ቢወጋሽ ይሻላል። ብልቃጡን በመዳፍ ሞቅ ማድረግ ዘይቱን ያቀለዋል። ያለ ሐኪም ቃል ደግሞ አይቋረጥም።

ወዲያው ሐኪም ጋ የሚያስኬዱ ምልክቶች

ትንሽ መነፋት የሚጠበቅ ነው። እንቁላል አመንጪዎቹ ከልካቸው በላይ ከተቆጡ ግን ፈሳሽ ከደም ሥር ወጥቶ ሆድ ውስጥ ይጠራቀማል። በተለይ ከትሪገሯ በኋላ ባሉት ቀናትና ሳምንታት ይመጣል። ወጣት ሴቶችና ፒሲኦኤስ (እንቁላል አመንጪውን የሚነካ የሆርሞን መዛባት) ያለባቸው ይበልጥ ይጠንቀቁ። ጠዋት ጠዋት ተመዘኚ፤ ቀሚስሽ ወገብ ላይ ሲጠብ ልብ በዪ።

ክብደትሽ በአንድ ቀን ከ1 ኪሎ በላይ ከጨመረ፣ ሆድሽ ከተወጠረና ካመመሽ፣ ማስመለስ ካላቆመ፣ ሽንትሽ ካነሰ፣ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ወይም አንድ እግርሽ አብጦ ካመመሽ እስኪነጋ አትጠብቂ። በአንድ ጎን ድንገት የመጣ ከባድ ሕመምም እንዲሁ ነው፤ ያበጠው እንቁላል አመንጪ ተጠማዞ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው በእነዚያ ሳምንታት ሩጫና ዝላይ የሚከለከለው። ጄሪካን ውሃም አታንሺ። «ምን ሆነች?» ቢባል ይባል።

ለሕመም ማስታገሻ ራስሽ አትግዢ፤ የትኛው እንደሚፈቀድ ጠይቂ። ጾም ላይ ከሆንሽ ለሐኪሙም ለንስሐ አባትሽም ወይም ለሼኽሽ ንገሪ፤ ውሃ በጣም ያስፈልግሻል። ጠበል የምትሄጂ ከሆነም ሂጂ፤ መርፌውን ግን መሃል ላይ አታቋርጪ።

ያገለገለው መርፌ የት ይጣላል?

ባዶ የበረኪና ጠርሙስ። ወፍራም ፕላስቲክ ነው፣ ክዳኑ ይጠብቃል፣ መርፌ አይበሳውም። ሃይላንድ ስስ ስለሆነ ይበሳል። መርፌውን እንደወጋሽ ክዳኑን መልሰሽ ለመግጠም አትታገዪ፤ እጅሽን የምትወጊው ያን ጊዜ ነው። ቀጥታ ወደ ጠርሙሱ ጨምሪ። የፔን መርፌ ስትነቅይ ትልቁን የውጭ ክዳን በጥንቃቄ መልሰሽ ንቀይው። ጠርሙሱ ሦስት አራተኛ ሲሞላ ክዳኑን በፕላስተር አሽጊና ወደ ክሊኒክሽ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ከቤት ቆሻሻ ጋር አይሁን። ቆሻሻችንን የሚሰበስቡት ልጆች ከረጢቱን በባዶ እጃቸው ነው የሚያነሱት።

የተረፈ መድኃኒት ካለም ለጎረቤት አይሰጥም፤ ምን ያህል ውድ እንደሆነ ባውቅም። ክሊኒኩን ጠይቂ።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ትሪገሯ ኦቪትሬል ወይም ፕሬግኒል ከነበረች፣ እሷ ራሷ የእርግዝና ሆርሞን ናት። ሰውነትሽ ውስጥ እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ ልትቆይ ትችላለች። በዚያ ጊዜ ከፋርማሲ በምትገዢው የሽንት ምርመራ ብታዪ ሁለት መስመር ሊያሳይሽ ይችላል፤ እርግዝና ግን ላይሆን ይችላል። እኔ በስድስተኛው ቀን አየሁ፣ አለቀስኩ፣ እናቴ ጋ ደወልኩ። ከዚያ በሦስተኛው ቀን መስመሩ ደበዘዘ። የደም ምርመራሽ የሚደረግበትን ቀን ደብተሩ ላይ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፊና እስከዚያ ድረስ የሽንት ምርመራ ቤት አታስገቢ።